ከመቶ ሴት ስንቷ

ግንቦት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። የዩኒቨርሲቲ ቢሮዬን በር ከፍቼ በቀን ብርሃን አነባለሁ። የተመራቂዎች ረቂቅ፣ ሰባተኛው። ሰባቱም አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ። ኦድስ ሬሾ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን፣ ፒ ቫልዩ፣ ኮከብ። ኮንስታንቱ በአንዱም የለም። ለምን ስል ካለፈው ዓመት ተመራቂ አየሁ ይላሉ። ያለፈው ዓመት ተመራቂም ካቻምና ካለው አይቷል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

አንተ ደብተር፣ ስታትስቲክስ ስላልተማርክ አንዴ ልንገርህ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ለሆነ ጥያቄ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን እንጠቀማለን። እናትየዋ ጤና ጣቢያ ወለደች ወይስ ቤቷ? ኦድስ የሚባለው ጣቢያ የወለዱት ቁጥር ቤት ለወለዱት ሲካፈል ነው። ኦድስ ሬሾ ደግሞ አንዱ ነገር ሲጨመር ያ ኦድስ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይነግርሃል። ከመቶ ስንቷ ጣቢያ እንደምትወልድ ግን አይነግርህም። ለዚያ ኮንስታንቱ ያስፈልጋል፤ መነሻው እሱ ነው። መነሻውን ሳይነግሩህ አምስት እጥፍ ራቅሁ የሚልህ ሰው የት እንደቆመ ታውቃለህ?

ሲ/ር ሐዋ፣ ምዕራፍ አራት፦ «ማቆያ ቤት ቦታ ያገኘች እናት በጤና ጣቢያ የመውለድ ዕድሏ አምስት እጥፍ ነው።» የምን አምስት እጥፍ? ከመቶ አሥሯ ብትሆን ሃምሳ ሊባል ነው። ሠላሳዋ ብትሆንስ? ከመቶ ሴት መቶ ሃምሳዋ ጣቢያ ትወልዳለች? ይህንኑ በቀይ ጻፍኩባት። ወረቀቱ ተቀደደ።

ሐዋ ከሌሎቹ ትበልጣለች፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አዋላጅ ነርስ ናት፣ ሥራ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት። የበርታ ልጅ። ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት ወረዳ ቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አማካሪዋ እኔ ነኝ።


ግንቦት 6፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00

ሐዋ መጣች። በአይሱዙ ጋቢና፣ አምስት ሰዓት። ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ። ቀዩን ስታይ ታኮርፋለች ብዬ ነበር። አንብባ ሳቀች።

ሳቋ የገባኝ በኋላ ነው። የወረዳዋ ጤና ጽ/ቤት ኃላፊ አቶ ሃሩን ያንኑ ዓረፍተ ነገር አሳይታው ቃል በቃል እኔ ያልኩትን ጠይቋታል። «አምስት እጥፍ ተይው። ከመቶ ሴት ስንቷ ትመጣለች?» ሰውየውን ሳላየው ወደድኩት።

ጉዳዩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ማቆያው ሁለት ክፍል ነው፤ የቀርከሃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ስድስት አልጋ። ከሩቅ ያሉ ነፍሰ ጡሮች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እዚያ ይቆያሉ። ቀኑ ሲደርስ መንገድ አይቀድማቸውም። ውሃና ዱቄት የሚሸፍነው አንድ ፕሮጀክት ነው። አሁን ፕሮጀክቱ ማስረጃ አምጡ ብሏል፦ ቦታ ከተሰጣቸው የሩቅ ሴቶች ቢያንስ ግማሾቹ ጣቢያ የሚወልዱ ከሆነ ይቀጥላል። ካልሆነ ያቆማል። ቤቱም የአጎበር መጋዘን ይሆናል። አጎበሩ መጥቶ በጽ/ቤቱ በረንዳ ላይ ተከምሯል። ወረዳው አንድ ገጽ መላክ አለበት፣ እስከ ቅዳሜ።

ሐዋ የምትፈልገው ያንን ገጽ ነው። ባለፈው ክረምት አራት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር አንዲት ሴት በአልጋ ተሸክመው ሲያመጡ ወንዝ ሞልቶባቸው እንዳደሩ ነገረችኝ። መጨረሻውን አልጠየቅኩም።

አራት ሰዓት የምትሄድ፣ ባሏ ጣቢያ እንድትወልድ የተስማማላት ሴት። ለእሷ እናሰላለን አልኳት። አንዴ ማቆያ ያገኘች እንደሆነች፣ አንዴ ያላገኘች እንደሆነች። በእጅ። በሶፍትዌር የሠራ ሰው ምን እንደሠራ አያውቅም።


ግንቦት 7፣ ሐሙስ፣ ረፋድ 4፡30

ሐዋ ኮንስታንቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ አመጣችልኝ። ሠንጠረዡ ውስጥ ባይገባም ኮምፒውተሯ ላይ ነበር። እንዴት ያለ ደስታ። ካልኩሌተሬ በፀሐይ ነው የሚሠራው፣ መስኮቱ ላይ አስደግፌው።

ኮንስታንት 1። ለእያንዳንዱ የእግር መንገድ ሰዓት 0.8 ይቀነሳል፤ ለአራት ሰዓት 3.2። ባል ከተስማማ 1.2 ይደመራል። ድምሩ ከዜሮ በታች 1። ይህ የኦድሱ ሎጋሪዝም ነው። ወደ ኦድስ ሲመለስ 0.37። ኦድስን ወደ ዕድል ለመቀየር፣ ራሱን ራሱ ላይ አንድ ጨምረህ ታካፍለዋለህ፦ 0.37 ለ1.37። 0.27።

ያለ ማቆያ፣ ከመቶ ሴት ሃያ ሰባት።

ማቆያ ሲገኝ 1.6 ይደመራል። ድምሩ 0.6። ኦድሱ 1.82። 1.82 ለ2.82። 0.65።

ከማቆያ ጋር፣ ከመቶ ስልሳ አምስት። ከግማሽ በላይ። ቤቱ ዳነ።

ሐዋ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ደረጃ በራሷ ካልኩሌተር ትከተላለች። አልተሳሳተችም። መጨረሻ ላይ ግን ቁጥሩን ትኩር ብላ ታያለች። ምነው አልኳት።

«በዛ፣ መምህር።»

የቱ በዛ?

«ሃያ ሰባቱም በዛ። ስልሳ አምስቱም በዛ። ከዚያ ሰፈር ያለ ማቆያ ከመቶ አሥር ቢመጡ ነው። እኔ ነኝ የማዋልዳቸው።»

ቱግ አልኩ። ግምትሽ ነው ወይስ ሒሳብ? አሥራ አራት ዓመት አዋልደሽ ስንቱን ጽፈሽ ያዝሽ? ሰው የሚያስታውሰው የከፋውን ነው፣ ስለዚህ ነው ስሌት የሚያስፈልገው። እንዲህ ብዬ አንድ ሙሉ ትምህርት ሰጠኋት። በሩ ክፍት ነበር። በኮሪደሩ የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው ሰሙ።

«እሺ፣ መምህር» አለች።

ገጹን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተም አስመታሁ።


ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

አቶ ሃሩን ደወለ። ገጹ ደርሶታል፣ ደስ ብሎታል። እንዲህ ጥርት ያለ ወረቀት ከዩኒ. መጥቶለት አያውቅም። በዛሬው ቀን ለፕሮጀክቱ ልኮታል። አመስግኖኝ አልጠግብ አለ። ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ተነፍቷል።

ለባለቤቴ ለዘነቡ ነገርኳት። ማንጎ እየላጠች ሰማችኝ። ሐዋ በዛ ማለቷንም ነገርኳት፣ እንድትስቅልኝ። አልሳቀችም።

«አንተ ከመቶ ስንት ጊዜ ትሳሳታለህ?» አለችኝ።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ አልኳት።

«ስሌቱን አላልኩም። ማን ያርዳ የቀበረ፣ አሉ። ሴትየዋ እዚያ ነው የምትውለው።»

ማንጎው ጎምዛዛ ነው። ገና አልደረሰም።


ግንቦት 13፣ ረቡዕ፣ ቀን 6፡40

መብራት መጥቷል። ምናለ ባልመጣ።

የሐዋን ረቂቅ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ፤ የገጽ ቁጥሮቿ ተዛብተዋልና ላስተካክል። ምዕራፍ ሦስትን በመጀመሪያው ንባብ አላየሁትም ነበር። ጥናቱ ሲጀመር ያጸደቅኩት እኔ ነኝ፣ ምን አያለሁ ብዬ። ገጽ 21፦ «ጤና ጣቢያ ለወለደች ለእያንዳንዷ እናት አንዲት ቤቷ የወለደች እናት ተመርጣለች። መቶ ሃያ ከዚህ፣ መቶ ሃያ ከዚያ።»

ኬዝ ኮንትሮል።

ወንበሬ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። የጥበቃው ሰው ገብቶ አመመዎት እንዴ አለኝ።

ደብተሬ፣ ይህን ለአንተ ማስረዳት አለብኝ፣ ለራሴ ስል። ግማሽ በግማሽ የመረጥናቸው እኛ ነን። ወረዳው ውስጥ እንደዚያ አይደሉም። ሶፍትዌሩ ግን ይህን በምን ያውቃል? በሰጠነው ናሙና መሠረት ከሁለት ሴት አንዷ ጣቢያ የምትወልድበት አገር አለ ብሎ ያምናል። ይህንን እምነት የሚያስቀምጠው የት ነው? ኮንስታንቱ ላይ። ኦድስ ሬሾው ንጹሕ ነው፤ አምስት እጥፉ ልክ ነው። መነሻው ግን የወረዳው ሳይሆን የእኛ ምርጫ ነው። ከእሱ ተነሥተህ ከመቶ ስንቷ ብትል የምታገኘው ቁጥር የትም የለም።

ይህን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። በፈተናም አውጥቼዋለሁ፣ ጥያቄ አራት። የተሳሳቱትን ጥዬበታለሁ።

እነዚያ ሰባት ልጆች ኮንስታንቱን ስለተዉ ጮህኩባቸው። በእንዲህ ያለ ጥናት መተው ነበረበት። ሳያውቁ ትክክል ነበሩ። እኔ እያወቅኩ ተሳሳትኩ።

አንድ ለአንድ ምረጪ ያላት ደግሞ ማነው? የፕሮፖዛሏን ቅጂ ከመደርደሪያ አወጣሁ። ኅዳጉ ላይ የእኔ ጽሑፍ። «አንድ ለአንድ ይሁን። ይበልጥ ጠንካራ ነው።» በቀይ።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

ደወልኩላት። ሰበብ አልደረደርኩም። ተሳስቻለሁ፣ ቁጥሩ በዝቷል ያልሽው ልክ ነበር አልኳት። አንዲት ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች፣ በኋላ ይደውሉ አለችኝ።

4፡00 ላይ ደወልኩ። ወንድ ነው፣ ደኅና ናት አለች። ከዚያ ምን ላምጣ አለችኝ።

የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ነው። በወረዳው ካለው ወሊድ ሁሉ ከስንቱ ስንቱ ጣቢያ ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ወሊድ ሁሉ የሚመዘግቡበት መዝገብ አለ። ያለፈው ዓመት ድምር እጇ ላይ ነበር። ከአምስት አንድ።

ሒሳቡ ልጅ የሚሠራው ነው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። ከአምስት አንድ ማለት አንድ ጣቢያ ለአራት ቤት። በእኛ ናሙና አንድ ለአንድ ነበር። ስለዚህ ያወጣሁትን ኦድስ ሁሉ ለአራት ማካፈል፣ ሌላ ምንም።

0.37 ለአራት፣ 0.092። ወደ ዕድል ሲቀየር 0.084።
1.82 ለአራት፣ 0.456። ወደ ዕድል ሲቀየር 0.31።

ያለ ማቆያ ከመቶ ስምንት። ከማቆያ ጋር ሠላሳ አንድ።

በስልክ አነበብኩላት። ስምንት ስል «አዎ፣ ይኼ ነው» አለች፣ የምታውቀውን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘች ያህል። ሠላሳ አንድ ስል «ግማሽ ነው ያሉት» አለች። ግማሽ አይሞላም።


ግንቦት 16፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8፡00

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ገጹ ከተላከ ሳምንቱ።

ማንም አያውቅም። ከፕሮጀክቱ ሰዎች ገጽ 21ን የሚያነብ የለም። ፈታኞቹም አያዩትም፤ እኔም አላየሁትም። ስልሳ አምስት ማቆያውን ያቆየዋል። ሠላሳ አንድ አጎበር ያስገባበታል። ስድስት አልጋ ነው። ክረምቱ ደርሷል፤ ትናንት ማታ የመጀመሪያው ዝናብ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ወስዷል።

አንድ ሰዓት ያህል ይህን ሳሰላስል ቆየሁ። እውነቱን ነው የምልህ። ሃያ ስምንት ዓመት ስለ ኮማ የተጣላሁ ሰው፣ ሰው ለማዳን ነው በሚል ውሸት ላይ ፊርማዬን ትቼ ልቀመጥ ዳዳኝ።

ዘነቡ ሐዋ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። አልጠየቅኳትም አልኳት። ባለቤቴ እንዳየችኝ ሌላ ሰው ቢያየኝ እንጣላ ነበር።

ለሐዋ ጻፍኩላት። ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም፣ የአንቺም ቤት ነው፣ ምን ትያለሽ ብዬ። መልሱ ከደቂቃ በኋላ መጣ። «ሰኞ አቶ ሃሩን ቢሮ ይኖራል። እርስዎ ይምጡ። በስልክ አይሆንም።»


ግንቦት 18፣ ሰኞ፣ ማታ 12፡30፣ የወረዳው እንግዳ ማረፊያ

ወገቤ የለም። መንገዱ ከዝናቡ በኋላ የባሰ ነው። ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን።

ሐዋ መኪናው ጋ ጠብቃ መጀመሪያ ማቆያውን አሳየችኝ። አራት ሴቶች። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች። አንዷ ማን እንደሆንኩ በበርታኛ ጠየቀች፣ ሐዋ መለሰችላት፣ አራቱም ሳቁ። ምን አልሻቸው ብላት፦ «ቁጥር የሚያውቅ ሰውዬ ነው አልኳቸው። ቁጥር የሚያውቅ ከሆነ የምወልድበትን ቀን ይንገረኝ አለች።»

ከዚያ አቶ ሃሩን ቢሮ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀጭን ሰው። ከረከዴ የሚባለውን ቀይ ሻይ አስመጣልን። አዲሱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። ግማሽ በግማሹን፣ ከአምስት አንዱን፣ ለአራት መካፈሉን። ሁለቴ አስደገመኝ። ከገባው በኋላ ገጹን ወደ እኔ ገፋው።

«መምህር፣ የፊተኛው ወረቀት ጥሩ ነው። ለምን ታበላሻለህ?»

ስለተሳሳተ።

«ቤቱ ልክ ነው ወይስ ቤቱም ተሳስቷል?»

ቤቱ ልክ ነው። ከስምንት ወደ ሠላሳ አንድ ያመጣል።

«እንግዲያ ተወው። ወላሂ፣ እኔ ላክ የተባልኩትን ልኬያለሁ። አሁን ደብዳቤ ጽፌ ያ ቁጥር ውሸት ነበር ልበል? የፕሮጀክቱ ሰውዬ ይስቃል። ቤቱንም ይወስዳል። አንተ አሶሳ ትመለሳለህ። እኔና ሐዋ እዚህ ነን።»

ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ልጀምር ስል ለራሴም አስጠላኝ።

የመለሰችው ሐዋ ናት። በበርታኛ ጀመረች፣ ከዚያ እኔም እንድሰማ ወደ አማርኛ መጣች።

«አቶ ሃሩን፣ ስልሳ አምስት ብለን ቤቱ ቀረ እንበል። ዓመት ሞላ። ፕሮጀክቱ መጥቶ ቆጠረ። ሠላሳ አንድ መጣ። ያኔ ምን ይላል? ወረቀቱ ውሸት ነው አይልም፣ ማኅተም አለው። አዋላጇ ሰነፍ ናት ይላል። ሴቶቹ እንቢተኛ ናቸው፣ አይሰሙም ይላል። ከስምንት ሠላሳ አንድ አድርጌ እሰደባለሁ። እኔ ይሁን፣ ችግር የለም። እነሱ ግን በዝናብ አራት ሰዓት መጥተው ለምን ይሰደባሉ?»

በረንዳው ላይ የአጎበሩ ክምር ፕላስቲክ በነፋስ ይንኮሻኮሻል።

ሃሩን ገጹን መልሶ ሳበው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን አይደለም፣ እሷን ጠየቀ። ይህን ሠላሳ አንድ ታምኚዋለሽ?

«ሠላሳ አንዱን አላየሁትም፣ ቤቱ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ስምንቱን አውቃለሁ። ስምንቱ ልክ ከሆነ ሒሳቡን አምናለሁ።»

እኔን በዛ ስትለኝ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። በምታውቀው ቁጥር የማታውቀውን መፈተሽ። እኔ ግምት አልኩት። ለሠላሳ ተማሪ ሴሚስተር ሙሉ ለማስተማር የምደክመው ነገር ነው።

ሃሩን ነገ ጠዋት ተመለሱ አለን። እዚህ አድራለሁ። አልጋው አጭር ነው።


ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ጻፈው። በራሱ እጅ፣ ሁለት ገጽ። ያለፈው ቁጥር ስህተት እንደነበር፣ ትክክለኛው ሠላሳ አንድ እንደሆነ፣ ማቆያው ግማሽ ባይሞላም ጣቢያ የሚወልዱትን የሩቅ ሴቶች ወደ አራት እጥፍ እንደሚያደርስ። ይህ አራት እጥፍ ከስምንት ተነሥቶ መሆኑን ጭምር። ከየት ተነሥቶ የሚለውን ሳልነግረው ነው ያስገባው።

የስህተቱ ምክንያት የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ፣ የአጻጻፍ ስህተት ልበለው ወይ አለኝ። ሊያድነኝ ነው። አይደለም፣ ስሌቱን የሠራው ሰው የናሙናውን አመራረጥ ስላላየ ነው በል፣ ስሜንም ጻፍ አልኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ። ጻፈው። ሦስታችንም ፈረምን።


ግንቦት 25፣ ሰኞ፣ አሶሳ

ፕሮጀክቱ ደብዳቤውን ተቀብሏል። መልሱ ከአዲሱ በጀት ጋር ይመጣል፣ ማለትም ከክረምት በኋላ። እስከዚያ ውሃና ዱቄት አይሸፍንም።

አቶ ሃሩን ግን አጎበሩን በረንዳው ላይ ዝናብ ሊያበሰብሰው ነው ብሎ ቅዳሜ አስነሣው። ሐዋ ፎቶ ላከችልኝ። የራሱ ቢሮ ውስጥ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፣ ጠረጴዛው ውጭ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ከሥሩ ጻፈች፦ «ባለጉዳይ በዛፍ ሥር ያስተናግዳል። እስከ መስከረም እንዲህ ነኝ ብሏል። ዱቄቱን ሴቶቹ ከየቤታቸው ያመጣሉ። አምስተኛዋ ዛሬ ገባች።»

ሌላም አለ። ከዛሬ ጀምሮ የሩቅ ነፍሰ ጡር ሁሉ ትመዘገባለች፤ የምትመጣም የምትቀርም። ግማሽ በግማሽ አይደለም፣ ሁሉም። መዝገቡን ራሷ አሰመረችው። አንድ ዓምድ ረስታለች፣ የእግር መንገዱ ሰዓት። ልጮህ ስልኩን አነሣሁ። ቀስ ብዬ ነገርኳት። አመሰገነችኝ።


ሰኔ 3፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡20

የሐዋ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ሐሙስ ነው። የጥናቱ ውስንነት የሚለው ክፍል ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንድትጨምር አዘዝኳት፣ ቃሉን እኔ ሰጥቼ፦ «ከዚህ ሞዴል ኮንስታንት በቀጥታ የተሰላ ዕድል በአማካሪው ስህተት ለወረዳው ተልኮ ነበር። የቁጥሩን አለመገጣጠም ያመለከተችው አጥኚዋ ናት፤ እርማቱ በአባሪ 3 ይገኛል።»

ሐዋ ይህ ይቅር ብላ ለመነችኝ። ሰው ምን ይላል፣ እኔ እርስዎን ያዋረድኩ ይመስላል አለች። ኮሪደር ላይ ሰው ቆሞ ሲሰማ ነው የጮህኩብሽ፤ ይህም ሰው ይስማው አልኳት። ተማሪ ተብላ የአሥራ አራት ዓመት ልምዷን በር ላይ ጥላ እንድትገባ ስንጠብቅ የኖርነው እኛ መምህራኑ ነን።

አሁን የዲፓርትመንት ኃላፊው ጠራኝ። ረቂቁን አይቶታል። የእኔን ግማሽ ዕድሜ የሚያክል ልጅ፣ ጨዋ። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር በመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎ አያውቅም አለኝ። ውስንነት ሲባል ናሙናው አነሰ፣ ጊዜ አጠረ፣ ይባላል። አማካሪ ተሳሳተ አይባልም። የውጭ ፈታኙ ምን ይላል፣ የዲፓ. ስም አለ፣ ጡረታዎም ቅርብ ነው። ቢሰረዝ ለሁሉም ይሻላል፣ አባሪው ይቅር፣ ቁጥሩ ታርሟል አይደል። እስከ ነገ ጠዋት ወስነው ይንገሩኝ አለ። የሚለው ሁሉ ለእኔ አስቦ ነው። አልተቆጣሁም፤ ራሴም ገረመኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ቅጂ አለ። አንዱ ዓረፍተ ነገሮቹ ያሉበት፣ አንዱ የሌሉበት። የሌሉበትን ቀደድኩ። ያሉበትን በየገጹ ፈርሜ አሁን ወደ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ፣ ሳይዘጉ። ስድስት ቅጂ።